«ዲካፒቴት»ን ወደ አማርኛ መመለስ፦ አንገት ሲቆረጥና መሪ ሲጠፋ

ባለፈው ዓመት እዚህ ድሬዳዋ አንዲት እናት ከመጋላ ሰፈር ተነስተው ከዚራ ሰፈር ወዳለችው ትንሿ የትርጉም ቤቴ መጡ። በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘዋል። ልጃቸው አረብ አገር ሾፌር ነበር፤ እዚያው ሞተ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሕክምና ማስረጃ ነው። ሌላ ቦታ ያሠሩት የአማርኛ ትርጉም አብሮ ተያይዟል። ትርጉሙ «አንገቱ ታርዶ ሞተ» ይላል።

እናትየው ስምንት ወር ሙሉ «ልጄን ማን አረደው?» እያሉ ሲያለቅሱ ከርመዋል። እንግሊዝኛውን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ማንም አላረደውም። የሚነዳት መኪና ከከባድ መኪና ሥር ገብታ ነው የሞተው። ሐኪሙ የጻፈው ቃል «ዲካፒቴሽን» ነበር፤ የራስ ከአንገት መለየት ማለት ነው። የመኪና አደጋ መሆኑ የተገለጸው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። የመጀመሪያው ተርጓሚ ቃሉን ለብቻው ነጥሎ መዝገበ ቃላት አየ፣ ያገኘውን አስቀመጠ፣ አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ቃል እንዲሁ አላልፈውም። ዜና ላይ አለ፣ ታሪክ ላይ አለ፣ የተማሪዎች ፈተና ላይ አለ፣ የእጽዋት ትምህርት ላይ ሳይቀር አለ። በየቦታው ግን ሌላ አማርኛ ይፈልጋል። እኔ የምሠራበትን መንገድ በቅደም ተከተል እነሆ።

መጀመሪያ፦ ቃሉን ፈታ አድርጎ ማየት

«ዲካፒቴት» ከላቲን የመጣ ነው። «ደ» ማስወገድን፣ «ካፑት» ራስን ያመለክታል። ራስን ከላዩ ማንሳት ማለት ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከእሱ በፊት የራሱ የቆየ ቃል ነበረው፤ «ቢሄድ» ይባላል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ «ሰውየው ቢሄድ» ከሚለው ጋር ይመሳሰላልና ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገባዋለሁ።

«ካፑት» ብዙ ዘር አለው። ካፒቴን፣ ካፒታል፣ የመጽሐፍ ምዕራፍ የሚባለው ቻፕተር፣ አለቃ የሚባለው ቺፍ፣ ሁሉም ከእሱ ይወርዳሉ። የድሬ የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኞች የጣቢያውን ኃላፊ በፈረንሳይኛ «ሼፍ ደ ጋር» ይሉት ነበር። ያ «ሼፍ»ም እዚሁ ዘር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እኛም ልክ እንደዚሁ ነን። ራስ የሚለው ቃል የሰውነት ክፍልም ነው፣ ማዕረግም ነው። ሐረርን ያስተዳደሩት መኮንን ራስ ነበሩ። ርእሰ ከተማ፣ ርእሰ መምህር፣ ርእሰ አንቀጽ እንላለን። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ፕሬዚዳንትን «መደሕወይኔ» ይሉታል፤ ትልቁ ራስ ማለት ነው። የአረብኛው «ረኢስ»ም ከራስ ነው። በዚህ ከተማ አንድ ጥግ ላይ ቆሞ ጆሮውን የሰጠ ሰው ራስና መሪ በስንት ቋንቋ አንድ እንደሆኑ ይሰማል።

ልዩነቱ ቁረጡ ሲባል ይመጣል። እንግሊዝኛው የሚያየው የተነሳውን ራስ ነው። አማርኛችን የሚያየው ስለት ያረፈበትን አንገት ነው። «አንገቱን ቀላው» እንላለን እንጂ ራሱን ቀላው አንልም። ግዕዙ ደግሞ ወደ ላቲኑ ይጠጋል። የመጥምቁ ዮሐንስን መታሰቢያ መስከረም 2 ቀን ሲያነሳ «ምትረተ ርእስ» ይላል፤ የራስ መቆረጥ ማለት ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በኋላ ወደ ምሳሌያዊው አነጋገር ስንደርስ ግን ሁሉ ነገር የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

ሁለተኛ፦ እውነተኛ አንገት አለ ወይ?

ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የተቆረጠው ምን እንደሆነ ፈልጉ። ሰው ነው? እንስሳ ነው? ሐውልት ነው? ተክል ነው? ድርጅት ነው? ጦር ነው? መልሱ ሰው ወይም እንስሳ ከሆነ ቀጣዩን እርምጃ ተከተሉ። ድርጅት ወይም ጦር ከሆነ አምስተኛው ላይ፣ ሐውልት ወይም ተክል ከሆነ ስድስተኛው ላይ እንገናኝ። ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ብዕር ማንሳት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፦ ማን አደረገው? ሆን ብሎ ነው?

ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

«ቢሄድ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከበስተጀርባው ሰው አለው። ፍርድ አለ፣ ወይም ለመግደል የተነሳ ሰው አለ። የእንግሊዟ ንግሥት አን ቦሊን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1536 የተገደለችበት በዚህ ቃል ይነገራል። «ዲካፒቴት» ግን ለሁለቱም ይሆናል። ሰይፍም፣ መኪናም፣ ማሽንም «ዲካፒቴት» ሊያደርግ ይችላል። ሐኪምና መርማሪ ፖሊስ የሚመርጡት ይህንኑ ነው፤ የሆነውን ይናገራል፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ግን አይናገርም።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። ሀብቱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሰየፈ» ካልን ሰይፍ አለ፣ ፍርድ ወይም ሰማዕትነት አለ። የቤተ ክርስቲያን ሽታ ያለው ቃል ነው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ይሆናል፣ ለመኪና አደጋ አይሆንም። «ቀላ» ሆን ብሎ የሚደረግ ነው፤ ገዳይ አለው። «አረደ» ከሁሉም ይከብዳል። ማረድ ጉሮሮን በቢላ መቁረጥ ነው፣ የከብት ነው። ለሰው ሲነገር ጭካኔው ቃሉ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ማረድ የግድ ራስን ከአንገት መለየት አይደለም። የታረደ በግ ቆዳው እስኪገፈፍ ራሱ ከአንገቱ ጋር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «አረደ» የ«ዲካፒቴት» ትክክለኛ አቻ አይደለም። ጽሑፉ ራሱ የጉሮሮ መቆረጥን ከተናገረ ብቻ ተጠቀሙበት።

ታዲያ ለአደጋ ምን እንበል? «ጭንቅላቱ ከአንገቱ ተለየ» ወይም «ተቆረጠ» በቂ ነው። ገዳይ የለም፣ ክስ የለም። ፊት ለፊቱ «በደረሰበት የመኪና አደጋ» ይግባ። ሰው ሰነድ ሲያነብ መጀመሪያ ያየው ቃል ነው ልቡ ውስጥ የሚቀረው። ስለዚህ ምክንያቱን ከድርጊቱ በፊት አስቀምጡ።

የሕክምና ሰነድ ላይ «ኢንተርናል ዲካፒቴሽን» የሚልም ታገኛላችሁ። ስሙ ያስደነግጣል። ቆዳው አልተቆረጠም፤ የራስ ቅሉን ከአከርካሪው ጫፍ ጋር የሚያያይዙት ጅማቶች ናቸው የተበጠሱት። ከባድ የመኪና ግጭት ያመጣዋል፣ ሕፃናትን ይበልጥ ያጠቃል። ከዚህ ጉዳት የተረፉ ሰዎች አሉ። «አንገቱ ተቀላ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በሕይወት ያለን ልጅ ገደላችሁት ማለት ነው። «የራስ ቅሉ ከአከርካሪው አጥንት ተላቀቀ» በሉ።

ዜናም ላይ ያው ጥንቃቄ ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ ስለተገደሉት ወንድሞቻችን የወጣውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ የእንግሊዝኛው ዜና ሁለት ቡድን እንደነበረ ለይቶ ነበር። በባሕሩ ዳር የነበሩት አንገታቸው ተቆረጠ፣ ሌሎቹ በጥይት ተገደሉ። በእኛ በኩል ብዙ ጊዜ ሁሉም በአንድ ቃል ተጠቃለሉ። ሐዘን ውስጥ ሆኖ ቃል መምረጥ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን እያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ አለው፤ ቤተሰቡ ልጁ እንዴት እንደሞተ በትክክል የማወቅ መብት አለው።

አንድ የሰዋስው ወጥመድ ልጨምር። «ቀላ» ሌላም ትርጉም አለው፣ ቀይ ሆነ። «አንገቱ ቀላ» ካላችሁ ፀሐይ መታው ማለት ነው። የድሬን ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ይህ የዘወትር ነገር ነው። «አንገቱን ቀላ» ካላችሁ ግን ሰው ገደለ። ልዩነቱ አንዲት «ን» ናት። «ይቀላል» ላይ ሲደርስ ደግሞ ትርጉሙ ሦስት ይሆናል፤ ቀይ ይሆናል፣ አንገት ይቆርጣል፣ ከሌላው ይልቅ ቀላል ነው። ለዚህ ነው በጽሑፍ «ተቀላ» ወይም «ተቆረጠ» የሚሉትን የምመርጠው።

አራተኛ፦ ከሞት በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው አይጠይቅም። የእኛን ታሪክ በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ግን የግድ ነው።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ጦርነት በ1881 ዓ.ም. ሞቱ። የመታቸው ጥይት ነው። አስከሬናቸው በድርቡሾች እጅ ከወደቀ በኋላ ጭንቅላታቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። እንግሊዝኛው «ቢሄድ» ቢል እንኳ «አንገታቸው ተቀልቶ ሞቱ» ብሎ መጻፍ ታሪክ ማዛባት ነው። «በጥይት ተመትተው ሞቱ፤ ከሞቱ በኋላ ራሳቸው ተቆረጠ» ይባላል። እዚህ ላይ ለአንባቢ ሁለት ግሥ መስጠት አለባችሁ፤ አንዱ የሞቱበትን ይናገራል፣ ሌላው በአስከሬናቸው ላይ የተደረገውን።

ሐረርም እንዲህ ያለ ታሪክ ታውቃለች። አፄ ገላውዴዎስ በ1551 ዓ.ም. ከአሚር ኑር ጦር ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ጭንቅላታቸው ተቆርጦ ወደ ሐረር መጣ። አሚር ኑር የጀጎልን ግንብ አሠሩ የሚባሉት ናቸው። መቃብራቸው እስከ ዛሬ ሐረር ውስጥ ይከበራል። ይህን ታሪክ የሚተረጉም ሰው ከሁለቱም ወገን አንባቢ እንዳለው ያስብ። «አረዷቸው» የሚለው ቃል ታሪኩ ውስጥ የሌለ ቂም ይጨምራል። «በጦርነቱ ሞቱ፣ ራሳቸውም ወደ ሐረር ተወሰደ» የሚለው የሆነውን ይነግራል። ከአምስት ቀበሌ ጎረቤቶች ፊት ጮክ ብሎ ማንበብም ይቻላል።

አምስተኛ፦ አንገት የሌለው ነገር ሲቆረጥ

አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የእንግሊዝኛ ምንባብ ይዞ መጣ። «አቦ ጋሼ፣ ኩባንያ አንገት አለው እንዴ?» አለኝ። ምንባቡ አንድ ኩባንያ በአንድ ሳምንት «ዲካፒቴት» ተደረገ ይላል።

«አንገት የለውም፣ ራስ ግን አለው» አልኩት። በምሳሌያዊው አነጋገር የሚቆረጠው መሪው ነው። አካሉ ግን ይቀራል። ይህን ልብ በሉ። ሠራተኛው አለ፣ ሕንፃው አለ፣ ወታደሩ አለ፤ የሚያዝ ብቻ የለም። ስለዚህ «ተደመሰሰ»፣ «ፈራረሰ»፣ «ወደመ» ሁሉም ስህተት ናቸው። «አከርካሪው ተሰበረ» የሚለው የኛ አባባልም አይሆንም። አከርካሪ ጉልበት ነው፤ እዚህ የጠፋው ጉልበት ሳይሆን ትእዛዝ ነው።

እኔ እንደየሁኔታው እንዲህ አደርጋለሁ። ለኩባንያ «ከፍተኛ አመራሩን በሙሉ አጣ» እላለሁ። ለወንበዴ ቡድን «ቁንጮዎቹ ተያዙ»። መንግሥት ተቃዋሚን እንዲህ ካደረገ «መሪዎቹን ለቅሞ አሰረ» ወይም «ለቅሞ ገደለ»፤ የትኛው እንደሆነ ከጽሑፉ ይታያል። ለጦር «አዝማች አልባ ሆነ»።

ለጦሩ ምሳሌ ከመተማ የበለጠ አላውቅም። ኢትዮጵያውያኑ እያሸነፉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መመታታቸው ሲሰማ ያ ሁሉ ሠራዊት እረኛ እንደሌለው መንጋ ተበተነ። እንግሊዛዊ ጸሐፊ ቢሆን ጦሩ «ዲካፒቴት» ሆነ ይለዋል። እኛ «እረኛ እንደሌለው መንጋ» አለን፤ ከመዝገበ ቃላት የተገለበጠው አንድም ቃል አይደርስበትም። ንብ የሚያረባ ገበሬ ደግሞ «አውራው እንደሞተበት ንብ» ቢባል ወዲያው ይገባዋል።

የጦር ዜና የሚተረጉሙ «ዲካፒቴሽን ስትራይክ» የሚል ያጋጥማቸዋል። ጦርነቱን ገና ሲጀመር መሪውን ገድሎ ለመጨረስ የሚደረግ ጥቃት ነው። አሜሪካ በመጋቢት 1995 ዓ.ም. ኢራቅን ስትወርር የመጀመሪያው ጥቃት ያነጣጠረው ሳዳም ሁሴን አሉበት በተባለ ቦታ ላይ ነበር። ሳዳም ተረፉ፣ ጦርነቱም ቀጠለ። «የአንገት ቆረጣ ጥቃት» ብሎ የተረጎመ አይቻለሁ። አንባቢው በሰይፍ የተካሄደ ይመስለዋል። «መሪውን ለመግደል ያለመ ጥቃት» በሉት። ይረዝማል፣ ግን ይገባል።

ከዚህ ቃል ጋር የሚጎራበቱ የእንግሊዝኛ አባባሎችም አሉ። ራሶች ይንከባለላሉ ይላሉ፤ በእኛ ወንበሩን የሚያጣ ኃላፊ ይኖራል ማለት ነው። ራሱ እንደተቆረጠ ዶሮ ይሯሯጣል ይላሉ፤ በእኛ «የሚይዝ የሚጨብጠው ጠፋው» ነው። ራሴን ነክሶ ጣለው ይላሉ፤ «ገና አፌን ስከፍት ጮኸብኝ» በሉት። እኛም በተራችን «አንገቱን ለሰይፍ ደረቱን ለጦር ሰጥቶ» እንላለን። ይህን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ያው ችግር ይገጥመዋል። ማንም አንገቱ አልተቆረጠም፤ ሰውየው ለአገሩ ቆርጦ ተነሳ ነው ነገሩ።

ስድስተኛ፦ የየሙያው ቃል

ቃሉ በየሙያው ጸጥ ያለ ሥራ ይሠራል። የእጽዋት ሳይንስ ላይ ተክልን «ዲካፒቴት» ማድረግ የጫፉን እምቡጥ ማንሳት ነው። ጫፉ ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ታች ይልካል፣ ያ ደግሞ የጎን እምቡጦችን ያዝ ያደርጋል። ጫፉ ሲነሳ ጎን ጎኑ ያቆጠቁጣል። የሐረርጌ ጫት ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ «ቀነጠሰ» ይላል። እንግዲህ ቃላችን ይኸው ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጽሑፉ ላይ «ተክሉ አንገቱ ተቀላ» ብሎ ሳየው አዘንኩ። ያደገው አወዳይ ነው፤ ቃሉ ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ላይ ነበር።

በመልክዓ ምድር ትምህርት ደግሞ አንዱ ወንዝ እየሸረሸረ ሄዶ የሌላውን ወንዝ የላይኛውን ውኃ ሲወስድበት፣ የተወሰደበት ወንዝ በ«ቢሄድ» ይጠራል። «ምንጩን የተነጠቀ ወንዝ» ጥሩ ነው።

የቃላት ጨዋታም አለ። የቃልን የመጀመሪያ ፊደል ማንሳት «ቢሄድ» ማድረግ ይባላል። በአማርኛ ከልጆች ጋር ሞክሩት። ገበሬ በሬ ይሆናል። ሰላም ላም ይሆናል። ደመና መና ይሆናል። የራስን መነሳት ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ለሐውልት «ራሱ ተሰበረ» ወይም «ራሱ ተቆርጦ ተወሰደ» በቂ ነው።

ሰባተኛ፦ ዘመዶቹን አለመቀላቀል

«ካፒቹሌት» መልኩ ይመሳሰላል፤ ትርጉሙ እጅ መስጠት ነው። «ሪካፒቹሌት» ዋና ዋናውን ነጥብ መልሶ ማንሳት ነው። «ካፒቴሽን» የጤና መድን ላይ ይገኛል፤ በሰው ቁጥር የሚከፈል ክፍያ ነው። «ካፒታል ፓኒሽመንት» የሞት ቅጣት ነው። ዘሩ አንድ ቢሆንም ትርጉሙ ከገንዘብ ካፒታል ጋር አይገናኝም፤ ራስን የሚያስከፍል ቅጣት ማለት ነበር ድሮ። «ፐር ካፒታ» ደግሞ በየራሱ ነው፤ እኛ «ነፍስ ወከፍ» እንለዋለን። እነሱ ራስ ይቆጥራሉ፣ እኛ ነፍስ እንቆጥራለን። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

መጨረሻ ላይ፦ ጮክ ብሎ ማንበብ

የጻፋችሁትን እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው አንብቡለት። ከዚያ «ምን ሆነ? ማን አደረገው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከእንግሊዝኛው ጋር ከገጠመ ጨርሳችኋል። ካልገጠመ ወደ ሦስተኛው እርምጃ ተመለሱ።

ለእኚያ እናት ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩት። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል በር ላይ ወንበር አውጥቼላቸው አነበብኩላቸው። «በመንዳት ላይ እያለ በደረሰበት የመኪና ግጭት ጭንቅላቱ ከአንገቱ ተለይቶ ወዲያው ሕይወቱ አለፈ።»

«እንደገና አንብብልኝ ልጄ» አሉ። አነበብኩ።

«ማንም አላረደውም?»

«ማንም፣ እማማ።»

«ወዲያው ነው የሚለው?»

«ወዲያው።»

ወረቀቱን አጥፈው በፌስታሉ ውስጥ መለሱት። የድሮውን ትርጉም እኔው ጋ ተዉት።